ማን ገጨ? የንክኪ ሕግና ፍትሐዊነት በኦንላይን የፖሊስ ማሳደድ ጨዋታዎች



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ስለ ማስረጃና ስለ ፍትሕ ብዙ ያስተምራል። አንዱ ፖሊስ፣ ሌላው ሸሺ ሆነው በሚጫወቱባቸው የኦንላይን የመኪና ጨዋታዎች ውስጥ «ያላግባብ ገጨኸኝ» የሚለው ክርክር የማያባራው ለምንድን ነው?

ወደዚህ ጥያቄ የመሩኝ በእንዲህ ያለ ጨዋታ ተጣልተው የመጡ ሁለት ተማሪዎቼ ናቸው። አሳዳጁ «ሆን ብሎ ፍሬን ይዞ ጠበቀኝ» አለ፤ ሸሺው ደግሞ «ፍሬን ሳይነካ መጥቶ ገጨኝ» ሲል ከሰሰ። ሁለቱም የየራሳቸውን ስክሪን ቀድተው ስለ ነበር ቅጂዎቹን ጎን ለጎን ተመለከትኋቸው። እያንዳንዱ ቅጂ የባለቤቱን ቃል የሚያጸና ነበር። ከሁለቱ የዋሸ አልነበረም።

ምክንያቱ ከጨዋታው አሠራር ይመነጫል። የእያንዳንዱ ተጫዋች ኮምፒውተር የራሱን መኪና ወዲያውኑ ያሳያል፤ የሌላውን መኪና ግን በኢንተርኔት ዘግይቶ ከሚደርሰው መረጃ ተነሥቶ፣ አሁን የት ሊሆን እንደሚችል በመገመት ያስቀምጠዋል። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በሰከንድ 50 ሜትር ይጓዛል። መረጃው 100 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ቢዘገይ ልዩነቱ 5 ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከብዙ የቤት መኪኖች ርዝመት ይበልጣል። ሸሺው ድንገት ፍሬን ሲይዝ የአሳዳጁ ኮምፒውተር ለቅጽበት መኪናውን ወደ ፊት እየሄደ ያሳየዋል፤ እውነተኛው መረጃ ሲደርስ ግን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። አሳዳጁም መኪናው ወደ እርሱ የመጣበት ይመስለዋል።

የእሽቅድምድም ጨዋታዎች ለዚህ ችግር አንድ መላ አግኝተዋል። አይሬሲንግ መኪኖች በኃይል ሲጋጩ ጥፋተኛውን ሳይለይ በሁለቱም ላይ ነጥብ ይመዘግባል። ይህ ሕግ ግን ንክኪ ሊርቁት የሚገባ አደጋ ነው ከሚል እሳቤ የተነሣ ነው። በማሳደድ ጨዋታ ንክኪ የፖሊሱ መሣሪያ ነው። ታይቶ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ቼዝ ኤችኪው የተጫዋቹ ተግባር የወንጀለኛውን መኪና ደጋግሞ በመግጨት ማስቆም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ኒድ ፎር ስፒድ፦ ሆት ፐርሱት ደግሞ ሰው ከሰው ጋር በኦንላይን፣ አንዱ ፖሊስ ሌላው ሸሺ ሆኖ እንዲፋለም አደረገ። እዚህ ላይ እኩል ቅጣት ብንደነግግ፣ ሸሺው በመገጨቱ ይቀጣል።

«እንግዲያው ቪዲዮ ይፍረድ» የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት አንድ የፖሊስ ባልደረባ የሚሸሽን መኪና ከኋላ ገጭቶ ነጂው ሽባ ሆነ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007፣ ከፖሊስ መኪና በተቀረጸው ቪዲዮ ላይ በእጅጉ ተመሥርቶ፣ በ8 ለ1 ድምፅ ለፖሊሱ ፈረደ። በሐሳብ የተለዩት ዳኛ ስቲቨንስ ያንኑ ቪዲዮ ተመልክተው ከሌላ ድምዳሜ ደረሱ። አንድ ቪዲዮ ዳኞችን ከለያየ፣ የማይመሳሰሉ ሁለት ቪዲዮዎች ተጫዋቾችን እንዴት ያስማማሉ?

ስለዚህ ፍትሐዊ የንክኪ ሕግ ሦስት ነገሮችን ሊያሟላ ይገባል እላለሁ። አንደኛ፣ የመግጨት መብት የተሰጠው አሳዳጁ ስለሆነ፣ ከየትኛው ፍጥነት በላይና የትኛውን የመኪና ክፍል መግጨት እንደማይችል አስቀድሞ ይወሰን። ሁለተኛ፣ ከመረጃው መዘግየት በሚያንስ ልዩነት ማንም አይቀጣ። ሦስተኛ፣ ማስረጃው የአንድ ወገን ስክሪን ሳይሆን ፍሬኑ መቼ እንደተያዘና መሪው መቼ እንደዞረ የሚያሳየው የሰርቨሩ መዝገብ ይሁን።

አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። በማሳደዱ ግለት መካከል የሚወጣ ሕግም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ተማሪዎቼ የተጣሉት እውነት ስለጠፋ አልነበረም፤ እያንዳንዳቸው ያዩትን ብቸኛው እውነት አድርገው ስለያዙት ነበር።