ያለ ቤንዚን ከአላስካ እስከ ኡሹዋያ

በሰሜን አሜሪካ ጫፍ፣ በአላስካ ግዛት፣ ከሰሜኑ የበረዶ ውቅያኖስ ዳር ፕሩዶ ቤይ የሚባል ሥፍራ አለ። በሰሜን አሜሪካ ከታወቁት የነዳጅ ዘይት ምንጮች ሁሉ የሚበልጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 የተገኘው በዚህ ሥፍራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) አሜሪካን ከላይ እስከ ታች የሚያቋርጠው የፓን አሜሪካ አውራ ጎዳና ራሱ የሚቆጠረውም ከዚሁ ከዘይቱ ጉድጓድ አጠገብ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ የሚወርደው የመጀመሪያው ክፍል ዳልተን የሚባለው መንገድ ሲሆን፣ አብዛኛው ኮረኮንች ነው፤ በ1974 ሲሠራም ለመንገደኛ ታስቦ ሳይሆን የዘይቱን ቧንቧ ለሚዘረጉት ሠራተኞች ዕቃ ለማመላለስ ነበር።

በ2010 አንዲት አውቶሞቢል ከአላስካ ተነሥታ፣ አሥራ አራት አገሮች አቋርጣ፣ 26,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ፣ በአርጀንቲና ደቡባዊ ጫፍ ከምትገኘው ከኡሹዋያ ከተማ ገባች። ይህን የመሰለ መንገድ የፈጸመ ሰው ከዚያ በፊትም አልጠፋም፤ በእግሩም በቢስክሌትም የሄደ አለ። የዚች አውቶሞቢል ጉዞ የሚያስደንቀው አንዲት ጠብታ ቤንዚን ሳትቀምስ፣ በባትሪ በተጠራቀመ የኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ መሄዷ ነው። ደግሞም የቤተሰብ መኪና ወይም የጭነት መኪና አልነበረችም፤ ከመሬት እምብዛም ከፍ የማትል፣ ጣራ የሌላት፣ ለእሽቅድምድም የተሠራች ባለ ሁለት ወንበር መኪና ነበረች እንጂ።

ስሟ ኤስ አር ዜሮ ይባላል። የሠሯት የሎንዶን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተማሪዎችና ከዚያው ኮሌጅ ገና ተመርቀው የወጡ ወጣቶች ናቸው፤ መሪያቸውም ሚስተር አሌክዛንደር ሼይ የተባሉ የመካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ነበሩ። አካሏን ከባዶ አልፈጠሩትም። በእንግሊዝ አገር በፒተርቦሮ ከተማ ራዲካል የሚባል የእሽቅድምድም መኪና ፋብሪካ አለ፤ ኤስ አር 8 የተባለችው የዚህ ፋብሪካ መኪና በ2009 በጀርመን አገር የሚገኘውን ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የኑርበርግሪንግ ዙሪያ በ6 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ጨርሳ ዝና አግኝታ ነበር። ወጣቶቹ የዚችን መኪና ዐይነት ወስደው የቤንዚኑን ሞተር አስቀሩና በምትኩ የኋላ ጎማዎችን የሚነዱ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች አገቡባት። የቀረውን ባዶ ቦታ ሁሉ በባትሪ ሞሉት።

የእሽቅድምድም መኪና የመረጡበት ምክንያት አለ። በእንግሊዝ አገር «የኤሌክትሪክ መኪና» ሲባል ብዙ ዘመን በሰው ዐይን የሚመጣው ጎሕ ሳይቀድ በየቤቱ ወተት የምታድለው፣ እንደ ኤሊ የምትሳበው የባትሪ ጋሪ ነበረች። እንዲህ ያለውን አሳብ በክርክር ብቻ ለመለወጥ አስቸጋሪ ነው። ሰው ቆሞ እንዲያይ ከተፈለገ የሚያምርና የሚፈጥን ነገር ማሳየት ያስፈልጋል። የጉዞውን ፊልም ያነሡትም ክላውዲዮ ፎን ፕላንታ የተባሉት የታወቁ ፊልም አንሺ ናቸው፤ ታሪኩም በእንግሊዝ የዓለም ዜና ቴሌቪዥን ታይቷል።

ነገሩን ጠለቅ ብሎ ላየው ግን የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል አዲስ አይደለም። በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመሮጥ የመጀመሪያው የሆነው አውቶሞቢል የቤንዚን አልነበረም፤ በ1899 የቤልጂጉ ተወላጅ ካሚይ ዤናትዚ በፓሪስ አጠገብ የነዱት የባትሪ መኪና ነው። ከሁለት ዓመት በኋላም ፈረንሳዊው ልዊ ክሪዬዤ አንድ ጊዜ በሞላ ባትሪ ከፓሪስ ተነሥተው 307 ኪሎ ሜትር ሄደዋል። ቤንዚን ድል ያደረገው ከዚያ ወዲህ ነው። ድል ካደረገባቸው ምክንያቶች አንዱም ያስቃል፤ የቤንዚን ሞተር በእጅ እየተዘወረ መነሣቱ ቀርቶ ከ1912 ጀምሮ በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር መነሣት ሲጀምር ገበያው ፈጽሞ ወደ እርሱ አደላ። ኤሌክትሪክ የገዛ ተቀናቃኙን አስነሥቶ ላከው ማለት ነው።

አሁን ወደ ባትሪው እንመለስ፤ የጉዞው ምሥጢር ያለው እርሱ ዘንድ ነውና። የኤስ አር ዜሮ ባትሪ ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይይዛል፤ ሲመዘን ከግማሽ ቶን የሚበልጥ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን በውስጡ የያዘው ኃይል ዘጠኝ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ ያ ሁሉ የባትሪ ክምር የያዘው ከስድስት ሊትር ቤንዚን የማይበልጥ መሆኑ ነው። ስድስት ሊትር በአንድ ትንሽ ጀሪካን የሚያዝ ነገር ነው። ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ምን ተብሎ ረዥም መንገድ ይኬድበታል?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን መኪናዋ በዚህ ኃይል 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ለውጦ በራዲያተሩና በጢስ ማውጫው ሲበትነው፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ከሚቀበለው ኃይል ዘጠኝ አሥረኛ ያህሉን ለጎማው ያስረክባል። የባትሪው ድህነት በሞተሩ ቁጠባ ይካካሳል።

እንግዲህ ችግሩ ከሞተሩ አይደለም፤ ከሶኬቱ ነው። 26,000 ኪሎ ሜትር ለ400 ሲካፈል 65 ይሆናል፤ ስለዚህ ሁሉ ነገር ቢሳካ እንኳ ባትሪውን ቢያንስ 65 ጊዜ መሙላት ያስፈልጋል ማለት ነው። በ2010 ደግሞ በመንገድ ዳር ለመኪና ባትሪ መሙያ ተብሎ የቆመ ጣቢያ በሰሜን አሜሪካም ቢሆን በጣም ጥቂት ነበር። ተራው የአሜሪካን ቤት ሶኬት 120 ቮልት ስለሆነ፣ ይህን የሚያህል ባትሪ ከእርሱ ቢጠባ ከአንድ ቀን ተኩል በፊት አይጠግብም። በአላስካ፣ በካናዳና በዩናይትድ ስቴትስ ለባትሪ መኪና ነጂ ባለውለታ የሚሆኑት ተጎታች ቤት የሚያቆሙ አገር ጎብኚዎች የሚያድሩባቸው ሠፈሮች ናቸው፤ በነዚህ ሠፈሮች ለተጎታቹ ቤት ምድጃና ማቀዝቀዣ ተብሎ የተተከለው ባለ 240 ቮልት ጠንካራ ሶኬት ባትሪውን በአንድ ሌሊት ይሞላዋል። መኪናው እንደ በቅሎ ቀን ይሄዳል፤ ሌሊት ይበላል።

ይኸውም የሚሆነው ሠፈሩ ከተገኘ ነው። በዳልተን መንገድ ኮልድፉት ከምትባለው መንደር በኋላ ወደ ሰሜን ለሚሄድ መንገደኛ የቆመው ማስታወቂያ፣ ከዚህ በኋላ እስከ 240 ማይል ድረስ አገልግሎት የለም ይላል። 240 ማይል 386 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ጊዜ ሞልቶ 400 ለሚሄድ ባትሪ ይህ ልክ እንደ ተሰፋለት ልብስ ነው፤ ትርፍ የለውም። ቤንዚን የሚነዳ ሰው በጀሪካን ይዞ ይሄዳል፤ ኤሌክትሪክ ግን በጀሪካን አይያዝም።

ወደ ደቡብ ሲወረድ ሌላው ጣጣ ደግሞ የሶኬቱ ዐይነት በየድንበሩ መለዋወጡ ነው። ፔሩ 220 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 60 ዑደት ይሠራል፤ ቺሊና አርጀንቲና በዚያው ቮልት 50 ዑደት ናቸው። የቺሊ ሶኬት ሦስት ቀዳዳው በአንድ መስመር የተደረደረ ነው፤ የአርጀንቲናው ግን ቀዳዳዎቹ አግድም ያዘነበሉ ናቸው። ቪዛው የተፈቀደለት መንገደኛ በሶኬት ምክንያት ሊቆም ይችላል ማለት ነው። በመካከሉ ደግሞ የዳሪዬን ጫካ አለ። በፓናማና በኮሎምቢያ መካከል መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተቋርጦ ረግረግና ዱር ብቻ ስለሆነ፣ በቤንዚን የሚሄደውም በኤሌክትሪክ የሚሄደውም እኩል ሆኖ በመርከብ ተጭኖ ይሻገራል።

ስለ ተራራው ጥቂት መናገር ይገባል፤ እኛ የተራራ አገር ሰዎች ስለሆንን ነገሩ ይነካናል። የፓን አሜሪካ ጎዳና በኮስታ ሪካ ከ3,300 ሜትር በላይ ወጥቶ «የሞት ተራራ» የሚባለውን ይሻገራል፤ ስሙ የወጣለት በዱሮ ዘመን በእግር የሚሻገሩት ሰዎች በብርድ ያልቁበት ስለነበር ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በሢሶ ያህል ይሳሳል። ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር ደግሞ አየር ካልበዛለት አቅም የለውም፤ ስለዚህ አየር የሚያጭቅ መሣሪያ ከሌለው ዳገት ላይ ይደክማል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታ አያውቅም፤ እንዲያውም የሳሳው አየር መኪናውን ብዙ አይገፋውምና ይቀልለዋል።

ዳገቱ ግን ዋጋውን ሳያስከፍል አይቀርም። አንድ ቶን የሚመዝን ነገር አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ ለመውሰድ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ይህ በሒሳብ የሚገኝ ስለሆነ የነጂ ብልሃት አይለውጠውም። ደስ የሚያሰኘው ቁልቁለቱ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሓ የወረደ ሁሉ ፍሬን ሲግል የሚሸተውን ሽታ ያውቀዋል፤ ያ ሽታ ዳገቱ ላይ የተከፈለው ነዳጅ በከንቱ ሲቃጠል ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ቁልቁለት ላይ ሥራው ተገልብጦ ዲናሞ ስለሚሆን፣ መኪናዋን ይዞ እያዘገመ የወሰደውን ኃይል በከፊል ወደ ባትሪው ይመልሳል። የደጀንን ዳገት ጥቂቱን ያህል የጎሐ ጽዮን ቁልቁለት ይከፍልለታል ማለት ነው። በአገራችን በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2024 ከታገደ ወዲህ ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ቀርቷል። ይሁን እንጂ በየአውራ ጎዳናው ዳር ሶኬቱን ማን ይተክለዋል የሚለው ጥያቄ፣ በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚወሰን እንጂ በነጂው ጉብዝና የሚፈታ አይደለም።

ከተራራው ይልቅ የባትሪ መኪና የሚፈራው ጠላት ነፋስ ነው። በ2009 በአውስትራሊያ በረሓ ሁለት ሰዎች ቴስላ ሮድስተር በተባለች የኤሌክትሪክ የእሽቅድምድም መኪና ከአሊስ ስፕሪንግስ ተነሥተው አንድ ጊዜ በሞላ ባትሪ 501 ኪሎ ሜትር ሄደዋል። ምሥጢራቸው አንድ ብቻ ነው፤ ቀስ ማለት። በሰዓት ወደ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዱ ነበር። የአየር ግፊት ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ የቸኮለ ሰው ባትሪውን ለነፋስ ይመግበዋል። ይህ ሕግ በፓታጎንያ፣ ማለት በአርጀንቲናና በቺሊ ደቡብ፣ ያለ ነጂው ጥፋት ይሠራል። በዚያ ሜዳ የሚነፍሰው ነፋስ ሰውን የሚጥል ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢገጥመው መኪናው በ120 እንደሚሮጥ ያህል ይቆጠርበታል፤ አየሩም ከሁለት እጥፍ በላይ ይገፋዋል። ጣራ በሌላት መኪና ለተቀመጠው ደግሞ ብርዱ ተጨማሪ ነው። ጉዞው በሩቁ ሰሜን በበጋ ተጀምሮ እስከ ደቡቡ የጸደይ ወራት የደረሰ በመሆኑ፣ ከሁለቱም ወገን ክረምት ማምለጣቸው የወጣቶቹ ብልህነት ነው እላለሁ።

ኖቬምበር 16 ቀን 2010 ኤስ አር ዜሮ ከኡሹዋያ ደረሰች። ጉዞው ከአራት ወር በላይ ፈጅቶ ነበር። በከተማይቱ አጠገብ፣ መንገዱ ፈጽሞ በሚያልቅበት በላፓታያ ወደብ፣ በእንጨት ላይ የተጻፈ ሰሌዳ ቆሟል፤ አላስካ 17,848 ኪሎ ሜትር ይላል። ወጣቶቹ ግን የሄዱት ከዚህ ስምንት ሺህ ያህል የሚበልጥ ነው። በየከተማው የሚዞር መንገደኛ ሰሌዳው እንደሚለው አይሄድም።

የእሽቅድምድም መኪናዋ ነገር በዚያው አልቀረም። ሚስተር ሼይና የጉዞ ጓደኛቸው ሚስተር ቶቢ ሹልዝ በ2011 በሎንዶን ቫንቴጅ ፓወር የሚባል ኩባንያ አቋቋሙ። የመረጡት ሥራ የሚያብረቀርቅ መኪና መሥራት አልነበረም፤ ባለ ሁለት ፎቁን የከተማ አውቶቡስ የናፍጣ ሞተር አውጥቶ በናፍጣና በኤሌክትሪክ ጥምር ኃይል እንዲሠራ ማድረግ ነበር። አውቶቡስ በየፌርማታው ይቆማል፤ በቆመ ቁጥርም የሮጠበትን ኃይል በፍሬን አቃጥሎ ይጥለዋል። ከረዥሙ ተራራ ቁልቁለት የተለቀመው ኃይል፣ ከከተማው ፌርማታም ይለቀማል። ይህን ኩባንያ በ2019 አሊሰን ትራንስሚሽን የተባለው፣ ለጭነት መኪናና ለአውቶቡስ ማርሽ የሚሠራው የአሜሪካን ኩባንያ ገዝቶታል።