የአዳም ራጅ

አዳም የ30 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ተፈጠረ ይላሉ መምህራኖቻችን፤ ጌታ በ30 ዓመቱ መጠመቁንም ከዚሁ ጋር ያያይዙታል። ራጅ ሲያነብ ለሚውል እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ትምህርት ሥራ ያመጣል። በተፈጠረ ማግሥት የግራ እጁ ራጅ ቢቀርብልኝ ምን ብዬ እጽፋለሁ?

የልደት ማስረጃ የሌለው ወጣት ወይም ቁመቱ የዘገየ ልጅ ሲላክልን የምናነሳው ግራ እጁን ነው። አራስ ሕፃን ከስምንቱ የእጅ አንጓ አጥንቶች አብዛኛውን ጊዜ አንዱም በራጅ አይታይለትም፤ ተራ በተራ ይወጣሉ። አጥንት የሚረዝምበት ለስላሳ ክፍል ደግሞ እንደ ጥቁር መስመር ይታይና ጉርምስና ሲያበቃ ይዘጋል። አዳም ሁሉም ተዘግቶለታል። «የአዋቂ አጥንት» ብዬ እፈርማለሁ፤ ሰውየው ግን የአንድ ቀን ልጅ ነው።

እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «ኦምፋሎስ» በተሰኘው መጽሐፉ በ1857 እ.ኤ.አ. ይህንኑ እስከ ጫፍ ወሰደው። ሕይወት ክብ ስለሆነ ፈጣሪ የትም ቢጀምር ያልነበረ ትናንት ምልክት ይኖራል አለ፤ ለአዳም እምብርት፣ ለዛፉ የዕድሜ ቀለበት፣ ለዐለቱም ቅሪተ አካል። ወዳጁ ቄስ ቻርልስ ኪንግስሊ ሳይቀር፣ እግዚአብሔር በዐለት ላይ ውሸት ጽፏል ብዬ አላምንም ብሎ እንቢ አለው።

እኔም ከቄሱ ጋር ነኝ፤ ምክንያቴ ግን ከራጅ ክፍል የመጣ ነው። የተዘጋ አጥንት ሸክም ይችላል፤ ገነትን ሊያበጅና ሊጠብቅ ለታዘዘ ሰው ያስፈልገዋል። በልጅነት ታሞ ወይም ተርቦ እድገቱ የቆመበት ሰው ቅልጥም ላይ የምናያቸው የሃሪስ መስመሮች ግን ምንም አይሸከሙም፤ ያለፈ ነገር ይናገራሉ እንጂ። ተሰብሮ የጠገነ አጥንትም የመውደቅ ወሬ ነው። የመጀመሪያው ዐይነት ለፍጥረት ግድ ይላል፤ ሁለተኛው አይልም። እምብርትንም ከሁለተኛው እመድባለሁ። የሚያስቸግረኝ የዛፍ ቀለበት ነው፤ እንጨቱ ግንዱን ያቆማል፣ የቀለበቱ መጥበብ ደግሞ ያለፈ ድርቅ ይመሰክራል። ፈጣሪ እንጨቱን ያለ ቀለበት ቢሠራው ዛፉ የሚቆም ይመስለኛል።

አዳም በእውነት የደረሰበት አንድ ቀዶ ጥገና አለ፤ ጎኑ። የደረቱን ራጅ አንስቼ የጎደለውን አጥንት ብፈልግ ግን ላላገኘው እችላለሁ። ሐኪሞች የጎድን አጥንት ሲያወጡ ስስ ሽፋኑን ከተዉት፣ አጥንቱ መልሶ ይበቅላል።