ክንድ ውስጥ የተቀበረው ሲሊኮን አይቀልጥም

«አምስት ዓመቱ ሲሞላ በራሱ ቀልጦ ያልቃል» የሚል ወሬ በክንድ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ተከትሎ ይዞራል። አይቀልጥም። ጃዴል የሚባለው ዓይነት እያንዳንዳቸው 4.3 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት የሲሊኮን ዘንጎች አሉት። ውስጣቸው ያለው ሆርሞን የሲሊኮኑን ግድግዳ እያለፈ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ደም ይገባል። ሆርሞኑ ሲዳከም ዘንጎቹ እንደነበሩ ይቀራሉ። ወሬውን ያመነች ሴት አገልግሎቱ ያበቃ ዕቃ ክንዷ ውስጥ ይዛ፣ አለኝ ብላ በተማመነችበት መከላከያ ላይ ልታረግዝ ትችላለች። ባለሙያ ጋ ሄዶ ማስወጣት ግድ ነው። ኢምፕላኖን የተባለው ሌላው የክንድ መከላከያ የተሠራው ከሲሊኮን ሳይሆን ከሌላ ፕላስቲክ ነው፤ እሱም ቢሆን አይቀልጥም።

ሲሊኮን የሚሠራው የሲሊከንና የኦክስጅን አቶሞች እየተፈራረቁ ከተያያዙበት ረጅም ሰንሰለት ነው። አሸዋንና ብርጭቆን ያጠነከረውም ይኸው ትስስር ነው። ላስቲክ ሆኖ እንዲረጋ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። ከዚያ በኋላ የሲሊኮን ጡጦ ጫፍ በፈላ ውሃ ቢቀቀል እንኳ ቅርጹን አይለቅም፤ 37 ዲግሪ የሆነው የሰውነት ሙቀትማ ምንም አያደርገውም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በአሜሪካ ጆን ሆልተር የተባለ የፋብሪካ ቴክኒሻን ጭንቅላቱ ውሃ ለቋጠረ ልጁ ቫልቭ ሲሠራ የመረጠው ይህንኑ ነበር። ዛሬም ያን ውሃ ከአንጎል ወደ ሆድ የሚያወርደው ቱቦ የሲሊኮን ነው።

ከዚህ ተነስቶ «ሲሊኮን ከሆነ አይጎዳም» ማለት ግን የባሰ አደገኛ ስሕተት ነው፤ ሰው የሚሞትበትም እዚህ ላይ ነው። የመስኮት ክፍተት የሚደፈንበት ሲሊኮን ሲቀባ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው፣ እየደረቀ አሴቲክ አሲድ ስለሚያወጣ ነው። ለሕንፃ እንጂ ለሥጋ አልተሠራም። ንጹሕ የሕክምና ሲሊኮን እንኳ ፈሳሽ ሆኖ በመርፌ ወደ ዳሌ፣ ጡት ወይም ከንፈር ሲወጋ፣ የሚይዘው ከረጢት ስለሌለ በሥጋ መካከል ይሰራጫል፤ ሙሉ በሙሉ ለቅሞ ማውጣትም አይቻልም። ደም ሥር ካገኘ ወደ ሳንባ ሄዶ ይገድላል፤ ከዓመታት በኋላ ጠጥሮ የሚያብጥም አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈሳሽ ሲሊኮንን ለሰውነት ማስዋቢያ አልፈቀደም፤ የፈቀደው ሬቲና ሲላቀቅ ዓይን ውስጥ እንዲገባ ነው። «ቀላል መርፌ ነው» እያለ በቤት ውስጥ የሚወጋ ሰው ሲያጋጥም መልሱ እምቢ ብቻ ነው።

በአንጻሩ ሲሊኮን ፀጉርን ያፍናል የሚለው ስጋት የተጋነነ ነው። ሲሊኮን ኦክስጅንን በደንብ ስለሚያሳልፍ የዓይን ሌንስ እንኳ ይሠራበታል፤ ኮንዲሽነር ውስጥ ያለው ዲሜቲኮን የተባለ ሲሊኮን ፀጉርን አያፍንም፣ ቢበዛ ተደራርቦ ያከብደዋል።

የጡት ተከላ ላይ ይጎዳል የሚለውም አይጎዳም የሚለውም ወገን ያጋንናል። የመጀመሪያው የሲሊኮን ጄል ተከላ በ1962 በሂዩስተን ተደረገ። በ1992 አሜሪካ አጠቃቀሙን በጥብቅ ገደበች፤ በ1999 የአገሪቱ የሕክምና ኢንስቲትዩት ሉፐስንና መሰል በሽታዎችን እንደሚያመጣ ማስረጃ አላገኘም፤ በ2006 ዳግም ተፈቀደ። ይህ ማለት ግን ጣጣ የለውም ማለት አይደለም። ሰውነት ዙሪያውን የጠባሳ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑ ሲኮማተር ጡት ይጠጥራል፣ ያማል። ተከላው የዕድሜ ልክ ዕቃ ስላልሆነ ሌላ ቀዶ ጥገና ሊከተል ይችላል። በ2010 ፒአይፒ የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ርካሽ የኢንዱስትሪ ጄል ይሞላ እንደነበር ተጋለጠ፤ መሥራቹ ዣን ክሎድ ማስ በ2013 አራት ዓመት እስር ተፈረደበት። በ2019 ደግሞ አለርጋን የተባለ አምራች ገጻቸው ሻካራ የሆኑ ተከላዎቹን ከገበያ ሰበሰበ፤ በተከላው ዙሪያ በሚፈጠረው ሽፋን ውስጥ ከሚነሳ ብርቅ የሊምፎማ ካንሰር ጋር ስለተያያዙ ነው።

ስለዚህ የተተከለላት ሴት የአምራቹን ስም፣ የገጹን ዓይነትና የምርት ቁጥሩን የያዘውን ካርድ ከሐኪሟ ትቀበል፤ አገር ብትቀይርም ይዛው ትሂድ። ከዓመታት በኋላ አንዱ ጡት በድንገት ቢያብጥ፣ አዲሱ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃት ይህንኑ ነው።