የአምቡላንስ ሠራተኛ ምን ይታጠቅ?



በአገራችን አነጋገር አንድ ሰው ለከባድ ሥራ መነሣቱን ለመግለጽ «ታጥቆ ተነሣ» እንላለን። ይህም አባባል ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ልብሱ የተንዘረፈፈ ሰው አንዱ እጁ ዘወትር ልብሱን ሲሰበስብ ስለሚውል ለሥራ የሚተርፈው አንድ እጅ ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ሕዝባችን ለየሥራው የሚስማማ መታጠቂያ ሲመርጥ ኖሯል። እሑድ ቀን በይፋት ቆላ ወደሚገኘው ወደ ሰንበቴ ገበያ የወረደ ሰው ይህን በዓይኑ ይመለከታል። ባልቴቶች ገንዘባቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ይገበያያሉ፤ የአፋሩ ከብት አርቢም ጊሌውን እጁ በቶሎ ከሚያገኘው ሥፍራ፣ ከሆዱ ፊት ለፊት ይታጠቃል። አንዱ የሌላውን ቢታጠቅ ለሁለቱም አይመችም።

ዛሬ የምናገረው ስለ አምቡላንስ ሠራተኛ ቀበቶ ነው። ጉዳዩ ለጊዜው ጥቃቅን መስሎ ሊታይ ይችላል፤ «ሰው በሕይወትና በሞት መካከል ሳለ ስለ ቀበቶ ይወራልን?» የሚልም አይታጣም። ነገር ግን በድንገተኛ ሕክምና ሥራ ጓንትና መቀስ ፈልጎ በማጣት የሚያልፍ አንድ ደቂቃ ከሰው ሕይወት ላይ የሚቀነስ ደቂቃ ነው። ደግሞም ቀበቶውን ብዙ ጊዜ የሚመርጠው የሚታጠቀው ሠራተኛ ሳይሆን፣ በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የደንብ ልብስ ግዢ ዝርዝር የሚያዘጋጅ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ነገሩ ከእናንተ ከአድማጮቼ ሥራ የራቀ አይደለም።

አሳቡን ግልጽ ለማድረግ ሸዋ ሮቢትንና አካባቢዋን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጣርማ በር በኩል፣ በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ከዚያም ቁልቁል ተጉዞ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ወዳለችው ወደ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። አንድ አምቡላንስ ከሸዋ ሮቢት ታማሚ ይዞ ለከፍተኛ ሕክምና ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጣ፣ ላብ ከሚያሰጥም ሙቀት ተነሥቶ ካፖርት ወደሚያስደርብ ብርድ ይገባል። በቆላው የሚጠብቁት ሥራዎችም ብዙዎች ናቸው፤ በምጥ የተያዘች እናት፣ በመኪና አደጋ የተጎዳ መንገደኛ፣ እባብ የነደፈው እረኛ፣ ጥይት የመታው ሰው ሁሉም የእርሱን እጅ ይጠብቃሉ። ለዚህ ሁሉ የሚበቃ ቀበቶ ለሌላውም አገር ይበቃል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀበቶው ከምን ይሠራ የሚለው ነው። አገራችን በከብት ሀብት በአፍሪካ ከግንባር ቀደሞቹ አንዷ ስለሆነች አሳባችን ወዲያው ወደ ቆዳ ይሄዳል። ቆዳ በእውነቱ ጠንካራ ነው፤ እሳት ሲነካውም እንደ ናይሎን ቀልጦ ሰውነት ላይ አይጣበቅም። ለቢሮ ሠራተኛ ከቆዳ የተሻለ ቀበቶ የለም። ለአምቡላንስ ሠራተኛ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ይኸውም የሚጠጣ መሆኑ ነው። ላብም ሆነ ደም ወደ ውስጡ ይሰርጋል፤ ላይ ላዩን ቢወለወልም የሰረገው አይወጣም። በሙቀት አገር ላብ ሲመላለስበት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ለቆሻሻ መደበቂያ ይሆናል።

ይህ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጉበትን የሚያቆስለው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰው ሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን የመበከል ኃይሉን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሰኞ የቆሰለን ሰው ያነሣ ሠራተኛ ዓርብ ዕለት አራስ ሲያነሣ ያው ቀበቶ በወገቡ ላይ ነው። ማታም ወደ ቤቱ ሲገባ ልጆቹ የሚያቅፉት በዚያው ወገቡ ነው።

በጤና ድርጅቶቻችን ደም የነካውን ዕቃ ለማጽዳት የታወቀው መድኃኒት በረኪና ነው። 5 በመቶ ኃይል ያለው በረኪና አንዱ እጅ በ9 እጅ ውኃ ሲበረዝ 0.5 በመቶ ይሆናል። ይህ ውሕድ ግን ቆዳን ያበላሻል፤ ሲደጋገምም ናይሎንን ያሳሳል፣ ብረትንም ያዝጋል። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ላዩ ውኃ በማያስገባ ልባጥ የተሸፈነ የፖሊስተር ቀበቶ ነው፤ እንደ ላስቲክ ተወልውሎ ይጸዳል። እርሱ ካልተገኘ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ናይሎን ይበቃል፤ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ በይፋት ፀሐይ በአጭር ጊዜ ይደርቃል። ነገር ግን የሚታጠብ ቀበቶ እስኪደርቅ ሌላ የሚታጠቁት ያስፈልጋልና፣ ለአንድ ሠራተኛ 2 ቀበቶ መመደብ ቅንጦት ተብሎ ሊቆጠር አይገባም።

ሁለተኛው ጥያቄ የስፋቱና የአያያዙ ነገር ነው። ጠባብ ቀበቶ ዕቃ ሲሸከም ሥጋን እንደ ገመድ ይቆርጣል። ወርዱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ እንደሆነ ሸክሙን በዳሌ ላይ ያሳርፋል። ሱሪውን የሚይዘው ቀበቶ ሌላ፣ ዕቃ የሚሸከመው ከላይ የሚታጠቁት ቀበቶ ሌላ ቢሆን ይመረጣል። ደም የነካውን ቀበቶ ከሱሪ ማንገቻ ውስጥ እየጎተቱ ማውጣት ልብስንም እጅንም ይበክላልና። ርዝመቱም በቀላሉ የሚላላና የሚጠብቅ ይሁን፤ በሸዋ ሮቢት በሸሚዝ ላይ የታጠቁት ቀበቶ በጣርማ በር ብርድ በካፖርት ላይ መድረስ አለበት።

ዘለበቱ ለስላሳና ዝርግ መሆን ይገባዋል። ጎልቶ የወጣ የብረት ዘለበት ቃሬዛ ሲነሣ የታማሚውን ገላ ይቧጭራል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ እንደሆነም ያቃጥላል። ደግሞም ሠራተኛው ሲጎነበስ በራሱ የማይፈታ፣ ሲፈለግ ግን ጓንት ባጠለቀ እጅ የሚከፈት ይሁን።

ሦስተኛው ጥያቄ ምን ይንጠልጠልበት የሚለው ነው። ጀማሪ ሠራተኞች ቀበቷቸውን እንደ ሱቅ መደርደሪያ በዕቃ መሙላት ይወዳሉ። ቀበቶ ግን ከረጢት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች የሚፈለገው ዕቃ ብቻ በወገብ ላይ ይሁን፤ ይኸውም 2 ጥንድ ጓንት፣ ልብስ መቅደጃ ጫፈ ድልዱም መቀስ፣ የእጅ ባትሪ፣ ደም ማቆሚያ ማሰሪያና የመገናኛ ስልክ ነው። የቀረው በአምቡላንሱ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። መድኃኒት በቀበቶ አይያዝ፤ ለምሳሌ ለወላድ እናት ደም ማቆሚያ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ የሚጠበቅ ስለሆነ፣ የቆላው ሙቀትና የሰው ገላ ግለት ኃይሉን ያጠፉታል።

የዕቃው አቀማመጥም ሥርዓት አለው። ከጀርባ፣ በአከርካሪው ላይ ጠንካራ ነገር አይሰቀል፤ ሠራተኛው ቢወድቅ አከርካሪውን ይጎዳዋል፣ በመኪናም ሲቀመጥ ወገቡን ያጎብጠዋል። ሸክሙ በሁለቱ ጎን እኩል ይከፈል። ከልክ በላይ የከበደና የጠበቀ ቀበቶ በዳሌ አጠገብ የሚያልፈውን ነርቭ ተጭኖ የጭንን ውጭ ያደነዝዛል። እያንዳንዱም ዕቃ የማይለወጥ ሥፍራ ይኑረው፤ በጨለማ እጅ ሳይፈልግ እንዲያገኘው።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ልናገር። ብዙ ሰዎች «ደም ቢፈስ በቀበቶዬ አስራለሁ» ብለው ያስባሉ። ይህ እምነት ያሳስታል። የሱሪ ቀበቶ፣ በተለይ የቆዳው፣ ገታራ ስለሆነ ተጠምዝዞ የደም ቧንቧውን እስኪዘጋ ድረስ አይጠብቅም። በከፊል ብቻ የጠበቀ ማሰሪያ ደግሞ ደም የሚመልሰውን ሥር ዘግቶ፣ ደም የሚያመጣውን ክፍት ስለሚተው መፍሰሱን ሊያብሰው ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ በኃይል መጫን ነው። በእጅና በእግር ላይ ያለ ቁስል በዚህ እንቢ ካለ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀው፣ ወርዱ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነውና ማጥበቂያ ዘንግ ያለው ማሰሪያ ከቁስሉ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ መጋጠሚያ ሳይነካ ይታሰራል። ደሙ እስኪቆም ይጠብቃል፤ የታሰረበት ሰዓት ይጻፋል፤ ሐኪም ዘንድ ሳይደርስም አይላላም። ከ2 ሰዓት በላይ ሲቆይ ሥጋውን መጉዳት ስለሚጀምር ጉዞው መፍጠን አለበት። የዚህ ማሰሪያ ቦታ ከቀበቶው ፊት ለፊት፣ ሁለቱም እጆች ከሚደርሱበት ላይ ነው።

እባብ ለነደፈው ሰው ግን ማሰር ፈጽሞ አይገባም። በቆላው አገር የተነደፈውን እግር በጠፍር ማሰርና መብጣት የቆየ ልማድ ነው። ሆኖም ማሰሩ ደሙን ከልክሎ እግሩን ለመቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። የሚገባው ታማሚውን አረጋግቶ እግሩ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት መደገፍና በፍጥነት ወደ ሕክምና ማድረስ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ መልክ ነው። በሰሜን ሸዋ ሕዝብ ዘንድ ዝናር ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ያየችው ጥፋት፣ ሸዋ ሮቢትም በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደጇ ደርሶ ያየችው መከራ ገና ከልብ አልወጣም። ኮረጆ በኮረጆ ላይ የተደረደረበት የወታደር መልክ ያለው ቀበቶ ከሩቅ ሲታይ ዝናር ይመስላል፤ ሊያድን የመጣውንም ሰው እንደ ተዋጊ ያስቆጥረዋል። ስለዚህ የቀበቶው ቀለም ከወታደር ልብስ የተለየ፣ በሌሊትም የሚያንጸባርቅ መሥመር ያለው ይሁን። ኢትዮጵያ በመስከረም 1962 ዓ.ም. ያጸደቀችው የ1949 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነት፣ ምልክቱ የተፈቀደላቸው የሕክምና ሠራተኞች ቀዩን መስቀል በግራ ክንዳቸው ላይ እንዲያስሩ ያዝዛል። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስ በጣልያን አውሮፕላን መደብደቡ እንደሚያሳየን ምልክት ብቻውን ጋሻ አይሆንም። ቢሆንም ከዝናር ጋራ በሚመሳሰል ቀበቶ ምልክቱን ማደብዘዝ ያለውን ጥቂት ጥበቃ እንደ መጣል ነው።

እንግዲህ የግዢ ዝርዝር የምታዘጋጁ ወገኖቼ፣ «ጥቁር ቀበቶ፣ ብዛቱ ይህን ያህል» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ከምን እንደሚሠራ፣ ወርዱንና የሚታጠብ መሆኑን ጻፉ። ናሙና ሲመጣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አትፍረዱ፤ ወደ ቆላው ላኩትና አንድ ሠራተኛ ለአንድ ወር ይታጠቀው። ጎንበስ ይበልበት፣ ቃሬዛ ያንሣበት፣ በሳሙና ይጠበው፤ ከዚያም ቃሉን ስሙ። በዋጋ ያነሰው ቀበቶ በሦስት ወር ተቀድዶ እንደገና የሚገዛ ከሆነ ርካሽ አይደለም።

በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ907 ሲጠራም ሆነ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት አምቡላንስ ሲላክ፣ ደርሶ የሚወርደውን ሰው ታማሚው አያውቀውም። ወገቡ ላይ ያለውን ማን እንደመረጠለትም አይጠይቅም። ያ ሰው በፈለገበት ቅጽበት ጓንቱንና ማሰሪያውን ያገኘ እንደሆነ ግን፣ በሩቅ ቢሮ ተቀምጦ በጥንቃቄ የጻፈው ሠራተኛ ከአጠገቡ ቆሞ እንደረዳው ይቆጠራል።