የካታሎኒያ ባለጸጎችና ሊጋቸው

በስፔን አገር በካታሎኒያ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. «ሊጋ ረጂዮናሊስታ» የተባለ የፖለቲካ ማኅበር ተመሠረተ። ሰዎቹ ባለፋብሪካዎች፣ ነጋዴዎችና ጠበቆች ነበሩ። የጠየቁትም መገንጠልን ሳይሆን፣ ካታሎኒያ ራስዋን እንድታስተዳድርና ቋንቋዋ እንዲከበር ነው። በ1914 አራቱን አውራጃዎች የሚያስተባብር «ማንኮሙኒታት» የተባለ ጉባኤ ሲቋቋም፣ የሊጋው መሪ ኤንሪክ ፕራት ደ ላ ሪባ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። ሥልጣኑ ጠባብ ቢሆንም ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ መንገድና ስልክ ተስፋፋበት።

ታዲያ ይህን ሥራ ማን አፈረሰው?

በ1919 በባርሴሎና በመብራት ኩባንያ የተነሣው የሠራተኞች አድማ 44 ቀን ቆየ፤ ከተማይቱም ጨለመች። ያን ጊዜ ባለጸጎቹ ከቋንቋቸው ይልቅ ለፋብሪካቸው ሠጉ። በ1923 ጄኔራል ፕሪሞ ደ ሪቬራ ሥልጣን ሲነጥቅ ከሊጋው ሰዎች ብዙዎቹ እሰይ አሉ። እርሱ ግን በ1925 ማንኮሙኒታትን ሻረ።

አንድ ጊዜ መሳሳት ያለ ነው እንበል። ነገር ግን በ1936 የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ፣ ከፕራት በኋላ ሊጋውን የመራው ፍራንሴስክ ካምቦ፣ በባርሴሎና የባለጸጎችን መገደል ሰምቶ፣ ለፍራንኮ ገንዘቡን ሰጠ። ፍራንኮም በ1938 የካታሎኒያን የራስ አስተዳደር ሕግ ሰረዘ፤ ቋንቋዋንም ከትምህርት ቤትና ከመሥሪያ ቤት አስወጣ። ካምቦ በ1947 በቦነስ አይረስ ሞተ። በ1922 የግሪክና የላቲን መጻሕፍት ወደዚያው ቋንቋ እንዲተረጎሙ ገንዘብ የመደበው ይኸው ሰው ነበረ።