ተጨማሪ መረጃ፦ ድምፃዊው መሀል ላይ የቆመው እንዴት ነው?

በስቴሪዮ የተቀዳ ሙዚቃ ስትሰሙ፣ ስፒከሮቹ ሁለት ብቻ ሆነው ሳለ ድምፃዊው መሀል፣ ክራሩ በግራ፣ ከበሮው በቀኝ ያለ ይመስላል። ይህ በጆሮ የሚሳል ስፍራ «የድምፅ መድረክ» ይባላል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን ለስቴሪዮ የፈጠራ መብት ያመለከተው እ.ኤ.አ. በ1931 ነበር። አንጎላችን ድምፁ ለሁለቱ ጆሮዎች የሚደርስበትን የጊዜና የጥንካሬ ልዩነት ያነጻጽራል፤ የጊዜው ልዩነት አንድ ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም።

ጁባ፣ ሃይ ማላካል ውስጥ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ባዶ ሲሚንቶ በሆነ ክፍል ብታዳምጡ ግን መድረኩ ይደበዝዛል። ነጥሮ የሚመለሰው ድምፅ ከዋናው ጋር ይደባለቃላ! ብዙዎች መጀመሪያ የሚቀይሩት አምፕሊፋየሩን ነው። አቅሙ አንሶ ድምፁን የሚያዛባ ከሆነ መቀየሩ ይጠቅማል፤ ግድግዳው የሚመልሰውን ግን የትኛውም አምፕሊፋየር አያስቀርም። ወፍራም መጋረጃ ይሻላል፤ ርካሽም ነው።

ሞክሩ፦ እናንተና ሁለቱ ስፒከሮች እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ሥሩ፤ ስፒከሮቹን ከግድግዳ አርቁ። ቀጥሎ አንዱን ግማሽ ሜትር ወደ ራሳችሁ አስጠጉ። በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 352 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ የተጠጋው ስፒከር ድምፅ በ1.4 ሚሊሰከንድ ያህል ይቀድማል። ድምፃዊው ወዴት ሄደ?