ባሕር ሲሞላ ኮራሉ የት ይገባል?

ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ መንገድ ወይም ሕንፃ ሲሠራ ያየ ሰው መሬት መሙላት ምን እንደሆነ ያውቃል። ሲኖትራኩ ገረጋንቲውን ይዘረግፋል፤ ግሬደሩ ይደለድላል፤ ቦቴው ውኃ ይረጫል፤ ሮለሩ እየተመላለሰ ይጠቀጥቃል። ሰው ሠራሽ ደሴትም የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። ልዩነቱ የሚሞላው ባሕር መሆኑ ነው። ሙሌቱ የሚያርፍበት ወለልም ብዙ ጊዜ ባዶ ቦታ አይደለም።

በዚህ ዘርፍ ስሟ ቀድሞ የሚነሳው ዱባይ ናት። ብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ እዚያ የሚሠራ ዘመድ ስላለው፣ የፓልም ጁሜይራን ፎቶ ያላየ ጥቂት ነው። በ2001 የተጀመረው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህ በዘንባባ ቅርጽ የተሠራ ደሴት 94 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ አሸዋና 7 ሚሊዮን ቶን ያህል ድንጋይ ፈጅቷል። አሸዋው ከበረሃ አልመጣም። የበረሃ አሸዋ ነፋስ ሲያንከባልለው የኖረ ስለሆነ ፍሬው ድቡልቡልና ልሙጥ ነው፤ እርስ በርሱ አይያያዝም። ስለዚህ ድሬጀር የሚባሉት መርከቦች ከዱባይ ፊት ለፊት ካለው ባሕረ ሰላጤ ወለል አሸዋ መጥጠው፣ ሆዳቸውን ሞልተው ይመጡና ከፊት ለፊታቸው ባለው ቧንቧ ከውኃ ጋር ወደ ላይ ይተፉታል። ቅልቅሉ በአየር ላይ ቅስት ሠርቶ በታሰበለት ቦታ ይወርዳል። አሸዋው ይቀራል፤ ውኃው ወደ ባሕር ይመለሳል። ከውኃው ጋር ግን ደቃቁ ጭቃ አብሮ ይሄዳል፤ የነገሩም ቁልፍ ያለው እዚህ ጭቃ ላይ ነው።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ጥቃቅን እንስሳት በሰውነታቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎችን አስጠግተው በጋራ ይኖራሉ። አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርቶ ያካፍላል፤ እንስሳው ከባሕሩ ካልሲየም እየወሰደ የኖራ ድንጋይ አጽም ይገነባል። ድቡልቡሉ ዓይነት ኮራል በዓመት የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ እነዚህ አጽሞች ተደራርበው የሚሠሩት ትልቅ ሪፍ የብዙ ሺህ ዓመታት ሥራ ነው። የኮራል ሪፎች ከውቅያኖስ ወለል አንድ በመቶ እንኳን አይሸፍኑም፤ ሆኖም ከባሕር ፍጥረታት ዝርያዎች ሩብ ያህሉ በሆነ የሕይወት ዘመናቸው ይጠጉባቸዋል።

ውኃው ሲደፈርስ ብርሃን ይቀንሳል፤ አልጌው ሥራ ይፈታል። ጭቃው ሲያርፍበትም ኮራሉ ዝም ብሎ አይቀበርም። ዝልግልግ ፈሳሽ እያመነጨ፣ በጥቃቅን ጸጉሮቹ እየገፋ ደለሉን ከላዩ ያራግፋል። ይህ ጉልበት ይጨርሳል። ደለሉ ለሳምንታት ካላባራ አቅሙ ያልቃል፤ መጀመሪያ ይገረጣል፣ ቀጥሎ ይሞታል። የኮራል እጭም ሥር የሚሰደው ጠንካራና ንጹሕ ዐለት ላይ ነው፤ ጭቃ በለበሰ ዐለት ላይ አዲስ ትውልድ አይተካም። ጉዳቱ እንግዲህ ከደሴቱ ካርታ ውጪ ይዘልቃል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የማያሚ ወደብ ነው። እዚያ ደሴት አልተሠራም፤ ከ2013 እስከ 2015 የመርከብ መግቢያው ቦይ እንዲጠልቅ ብቻ ተቆፈረ። በ2019 የታተመ ጥናት ከቦዩ ግማሽ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ከ560,000 በላይ ኮራሎች እንደሞቱ ገምቷል። ቆፋሪው አልነካቸውም። የገደላቸው ደለሉ ነው።

ወደ ዱባይ እንመለስ። ከፓልም ጁሜይራ ቀጥሎ የተጀመረው ፓልም ጀበል አሊ ስምንት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የኮራል ሪፍ ከሥሩ ቀብሯል። ፕሮጀክቱ በ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ቆመ፤ ሪፉ ተቀብሮ፣ በላዩ ቤት ሳይሠራበት ዓመታት አለፉ። በ2023 አዲስ ማስተር ፕላን ወጥቶለት ሥራው እንደገና ተነሳ። በሌላ በኩል የአቡ ዳቢው የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጆን በርትና ባልደረቦቹ ያሳዩት ሌላ ገጽ አለ፦ ማዕበል ለመግታት በተደረደሩት ድንጋዮች ላይ በጊዜ ብዛት ኮራል ይበቅላል። አልሚዎች ይህን ውጤት መጥቀስ ይወዳሉ። ነገር ግን እዚያ የሚበቅለው የኮራል ስብጥር ከተፈጥሮው ሪፍ የተለየ ነው፤ የጠፋው ተመለሰ ለማለት አያበቃም። የባሕረ ሰላጤው ውኃ በበጋ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል፤ ይህን ሙቀት ችለው የሚኖሩ ኮራሎች ሳይንስ በጣም የሚፈልጋቸው መሆናቸው ጥፋቱን ያከብደዋል።

በደቡብ ቻይና ባሕር ደግሞ ዓላማው ወታደራዊ ነው። ቻይና ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በስፕራትሊ ደሴቶች በሰባት ሪፎች ላይ 13 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ሠራች፤ በሦስቱ ላይ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ አለ። አሸዋው የመጣው የሪፉን ገላ በመፍጨት ጭምር ነው። ፊሊፒንስ ባቀረበችው ክስ ሐምሌ 2016 ሄግ ላይ የተሰጠው የግልግል ውሳኔ፣ ግንባታው በኮራል ሪፍ አካባቢ ላይ ከባድ ጉዳት ማድረሱንና ባሕርን የመጠበቅ ግዴታ መጣሱን አረጋግጧል። ቻይና ውሳኔውን አልተቀበለችም። ቬትናምም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚያው አካባቢ በስፋት እየሞላች ነው።

ፍርድ የሚከብደው ማልዲቭስ ላይ ነው። ከአገሪቱ ደሴቶች አብዛኞቹ ከባሕር ጠለል በላይ ያላቸው ከፍታ አንድ ሜትር አይሞላም። ከ1997 ጀምሮ የተሞላችው ሰው ሠራሽ ደሴት ሁሉማሌ ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተሠራችው ዋና ከተማዋ ማሌ ሕዝቧን መያዝ ስላቃታት ነው። መሬት የሌለውን ሕዝብ መሬት አትሥራ ማለት አይቻልም። ያም ሆኖ የማልዲቭስ ደሴቶች ራሳቸው የኮራል ስብርባሪ ናቸው፤ ማዕበሉን የሚሰብርላቸውም ሪፉ ነው። ሪፉን ገድሎ መሬት መጨመር መከታን አፍርሶ ቤት እንደ መሥራት ይቆጠራል።

ለኢትዮጵያውያን ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፍባቸው የሆንግ ኮንግና የኢንቾን አውሮፕላን ማረፊያዎች ከባሕር በተወሰደ መሬት ላይ የቆሙ ናቸው፤ የሲሼልስ ማሄ ደግሞ በቀጥታ በኮራል ሪፍ ላይ በተሞላ መሬት የተሠራ ነው። ምፅዋ የቆመችው በኮራል ደሴቶች ላይ ሲሆን፣ በግብፆች ዘመን ደሴቶቹ እርስ በርስና ከየብስ ጋር በሙሌት መንገድ ተያይዘዋል፤ የድሮ ቤቶቿም የኮራል ድንጋይ ናቸው። ከምፅዋ ፊት ለፊት ያሉት የዳህላክ ደሴቶች በኢትዮጵያ አስተዳደር ሥር በነበሩበት ጊዜ፣ በ1962 እና በ1965 የእስራኤል የደቡብ ቀይ ባሕር የምርምር ጉዞዎች የባሕር ፍጥረታቱን ናሙና ሰብስበዋል። ቀይ ባሕርን ወደ ሰሜን ሲወጡ የጅዳ ዳርቻና የግብፅ ሁርጋዳ ለመንገድና ለሆቴል ሲባል የሪፋቸውን ጠፍ ሞልተዋል።

ከሁሉ የሚቀርበው ጅቡቲ ነው። ከተማዋ የተመሠረተችው በኮራል አምባዎች ላይ ሲሆን፣ በአምባዎቹ መካከል ያለው ባሕር እየተሞላ ተገጣጥመዋል። ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው እዚያ ነው። በ2017 የተመረቀው የዶራሌ ሁለገብ ወደብም ባሕር ተቆፍሮና ተሞልቶ የተሠራ ነው። ማዳበሪያው፣ ስንዴው፣ ያ ገረጋንቲ የሚያመላልሰው ሲኖትራክ ራሱ የመጣው በዚያ በኩል ነው። ሙሻና ማስካሊ የሚባሉት የጅቡቲ ደሴቶች ኮራል የሚገኘውም ከዚሁ ወደብ ፊት ለፊት፣ በዚያው በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ነው።

ኢትዮጵያ የራሷ ኮራል አላት፤ የሞተ ቢሆንም። ከ125,000 ዓመታት ገደማ በፊት፣ የባሕር ጠለል ከፍ ባለበት ዘመን፣ ቀይ ባሕር ወደ ደናክል ዝቅታ ገብቶ ነበር። በዝቅታው ጠርዝ ላይ ዛሬም ደርቀው የሚታዩት የኮራል ዐለቶች ያ ባሕር የተዋቸው ናቸው፤ ባሕሩ ሲቆረጥና ሲተን ደግሞ ከሥሩ ጨው ቀረ።

ጉዳትን መቀነሻ መንገድ የለም ማለት አይደለም። በሙሌቱ ዙሪያ የደለል መጋረጃ ይዘረጋል፤ የውኃው ድፍርስነት በየሰዓቱ ይለካና ከልክ ሲያልፍ ቁፋሮው ይቆማል፤ ኮራል በሚራባበት ወቅት ሥራ ይታገዳል። ኮራል ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከልም አለ፤ ውድ ነው፣ ሁሉም አይጸድቅም፣ የሚድነውም ከሚቀበረው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ቦታን አስቀድሞ በጥንቃቄ መምረጥ ነው፤ አንዴ አሸዋው ከተደፋ በኋላ የሚታረም ነገር የለም።

የባሕር በር ጥያቄ በአደባባይ ዳግም በተነሳበት በዚህ ጊዜ ክርክሩ ሁሉ ስለ ወደብ፣ ስለ ኪራይና ስለ ሉዓላዊነት ነው፤ በባሕሩ ውስጥ ስላለው ሕይወት የሚያነሳ አይሰማም። ኢትዮጵያ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ካወጣች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል። በማንኛውም ጎረቤት አገር ወደብ ላይ ድርሻ ስትይዝ ወይም አዲስ ስታስገነባ ይህንኑ መርህ ይዛ ትቅረብ፤ የኮራሉን ሥፍራ የሚያሳይ ካርታ ከውሉ ጋር ይያያዝ፤ ቁፋሮው የሚቆምበት የድፍርስነት ልክም ከመፈረሙ በፊት በቁጥር ይጻፍ።